የዘለለችው ኮከብ

«አገኟት!» አለ ደረጄ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ድንኳኑ እየገባ። «እትዬ እሌኒ፣ አገኟት! የጋሼን ፕላኔት አገኟት!»

ጉምጉምታው ቀጥ አለ። ጥግ ይዘው ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉ። የእሌኒ ባል ሸዋንግዛው ከተቀበረ ገና ማግስቱ ነው፤ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንዲህ በደስታ የሚጮህ ሰው ቡታጅራ አይታ አታውቅም።

እሌኒ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ደረጄ ባሏ ፊዚክስ ሲያስተምርበት የኖረው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ በልጅነቱ ደግሞ የባሏ ተማሪ ነበር። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አጠገቧ በርከክ አለ።

«ትናንት ማታ ነው የተነገረው። እኛ አፈር አልብሰነው ስንመለስ፣ በዚያው ማታ! በባርናርድ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት አገኘን አሉ። በስንት አገር ቴሌስኮፕ፣ ሃያ ዓመት ሲከታተሏት ኖረው። ጋሼስ ምን ነበር ያለን? የማይታይ ነገር ይጎትታታል አላለንም?»

«ምነው ሁለት ቀን ቢያቆየው!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ያ የኮከብ ሌባ ወረቀቶቹን ባይሰርቅበት ኖሮ» አለ ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ፣ «ይሄን ጊዜ በእኛ ሰውዬ ስም ነበር የምትጠራው።»

«አፍህን ያዝ» አለችው ከድጄ። ከድጄ አጥር የምትጋራ ጎረቤት ናት፤ ሌባ የተባለው ሰው ደግሞ የወንድሟ ልጅ ነው። «ሰው ለቅሶ ላይ ቁጭ ብለህ ካርታ የምታጭበረብር፣ አንተ ነህ ስለ ሌባ የምታወራው?»

ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ታፈነ።

«ስንት ትመዝናለች?» አለች እሌኒ።

ሰዉ ሁሉ ዞረባት። ከቀብር ወዲህ ‹አለሁ› ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም ነበር።

ደረጄ ስልኩን በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገ። «ቢያንስ የምድርን ሦስት እጥፍ። ኮከቧን ለመዞር ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት ቀን ይፈጅባታል። የኮከቧ ብርሃን ቀለሙ ወዲህ ወዲያ ሲል አይተው ነው ያወቁት ይላል።»

«የእሱ ከጁፒተር ትበልጥ ነበር።»

«ምን አሉኝ?»

«ምንም።»

ደረጄ አልሰማትም፤ ሐሳቡ ነገ ላይ ነበር። «ነገ በሣልስቱ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ይሄን እጨምርበታለሁ። ከወልቂጤ ከዞን ትምህርት መምሪያ ሰዎች ይመጣሉ። ቤተ ሙከራውን በስሙ እንሰይመዋለን። የዚያን ልጅ ነገርም አልተወውም፤ ሥራው እንዴት እንደጠፋ ሰው ይወቅ።»

ከድጄ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

* * *

ኮከቧን እሌኒ በደንብ ታውቃታለች። ቀይ ድንክ ከሚሏቸው ናት፤ ከፀሐይ እጅግ ያነሰች፣ ብርሃኗ ሊጠፋ እንደደረሰ ፍም የደበዘዘ። ከሰማይ ጎረቤቶቻችን ከቅርቦቹ አንዷ ብትሆንም በዓይን አትታይም። ከመስቀል በኋላ ደመናው ሲገፈፍ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በምዕራብ በኩል በቴሌስኮፕ ትገኛለች። ሌሎቹ ኮከቦች ሰው ተወልዶ እስኪያረጅ ባሉበት ሲቆዩ እሷ ትሄዳለች። መሄዷ የታወቀው አንድ አሜሪካዊ በሃያ ሁለት ዓመት ልዩነት የተነሱ ሁለት ፎቶግራፎችን ሲያስተያይ ነው። ነጥቦቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ አንዷ ብቻ ፈቀቅ ብላ ተገኘች።

ሸዋንግዛው ከጎጃም ተመድቦ ቡታጅራ የመጣው በሰማንያ አምስት ነው። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ በነበረው ግርግር የትምህርት ቤቱ መጋዘን ተዘርፎ ነበር። ዘራፊዎቹ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው የተዉት አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕና ብርሃን የሚያሳልፉ አምስት የካልክ ወረቀቶች ብቻ ቀርተዋል። ወረቀቶቹ ላይ ኮከቦች በእርሳስ ተነጥበዋል፤ ጥግ ጥጋቸው ላይ ቁጥር አለ፦ 80፣ 81፣ 82፣ 83፣ 84። ከእሱ በፊት የነበረው የፊዚክስ አስተማሪ በሰማንያ አራት ታሞ ሞቶ ነበር። ሸዋንግዛው የዚያ ሰው ሥራ መሰለው።

«የሞተ ሰው የጀመረውን ማቋረጥ ነውር ነው» አለ። በዚያው ጥቅምት 85 ብሎ ቀጠለ።

ያኔ እሌኒ ሕፃናት ሒሳብ ታስተምር ነበር፤ የተጋቡም በዚያ ዓመት ነው። ወረቀቶቹን ደራርባ የመስኮቱ መስታወት ላይ ትይዝለታለች። ፀሐይ ከኋላ ስትመታቸው አንዲት ነጥብ በቀጥታ መስመር፣ እኩል እኩል እየተራመደች ስትሄድ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትዘላለች። ከ84 ወደ 85፣ በአንድ ዓመት የስምንት ዓመት መንገድ።

«ዘለለች!» አለ ሸዋንግዛው፣ ትከሻዋን አጥብቆ ይዞ። «አየሽ እሌኒ? የማናየው ግዙፍ ነገር ጎተታት!»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በየክፍሉ ይህንኑ አስተማረ። ሲያስተምርም ስለ አንድ የውጭ አገር ሊቅ መቀለድ ይወድ ነበር። «ሰውዬው ይህቺው ኮከብ ትወዛወዛለች፣ ፕላኔት አላት ብሎ ዕድሜውን ፈጀ። የተወዛወዘው ለካ የራሱ ቴሌስኮፕ ነው! መስታወቱን አውርደው ጠርገው ሲመልሱት ሌሎቹ ኮከቦችም አብረው ተንቀጠቀጡ። ነገሩት፤ አላመነም። እስኪሞት አላመነም!» ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሱም ዕንባው እስኪወርድ ይስቃል።

* * *

አመሻሹ ላይ በርበሬ የጫነ አይሱዙ ደጅ ላይ ቆመ። የወረደው ሰው ረጅም ነው፤ ሸሚዙ ላይ የበርበሬ ብናኝ አለ። ወደ ድንኳኑ ሲገባ በር ላይ የነበሩት ሁለት ሴቶች አነጠሱ።

«ኮከቡ መጣ» አለ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ካስማውን ጠብቁ፣ ነቅሎ እንዳይሄድ» አለ ካርታ ተጫዋቹ፣ ዝቅ ባላለ ድምፅ።

ሙዝደሊፋ፣ የከድጄ የወንድም ልጅ፣ ሰምቷል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሰማው የኖረ ነገር ነው። «አላህ ሰብር ይስጣችሁ» ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ የነበረው ሰው ጃኬቱን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

ብዙ ከቆየ በኋላ ከድጄ መጥታ በዓይኗ ጠራችው። ወደ ጓዳ አስገባችውና ከበሩ ውጭ ቆመች። እሌኒ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እንዴት ነዎት እትዬ?»

«አለሁ። አንተስ?»

«አልሐምዱሊላህ።» መሬቱን አየ። «እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት፣ ሳይቀበር ‹ሐቅ ያለው ይናገር› ይባላል። እናንተ ዘንድ እንደማይባል አውቃለሁ። ትናንትም መንገድ ላይ ነበርኩ፣ አልደረስኩም። ግን ቲቸር ላይ ሐቅ አለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እነዚያን ወረቀቶች አልወሰድኩም።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ።

ሙዝደሊፋ ቀና አለ። መጀመሪያ የሰማው ለአፍ ያህል የተባለ መስሎት ነበር። ሁለተኛው ግን እንደዚያ አልነበረም።

«ያውቃሉ?»

እሌኒ ከድጄ ወደቆመችበት በር አየች።

«ማን እንዳጠፋቸው አልጠይቅም» አለ። «ዳይሬክተሩ ነገ ሊያነበው ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ትምህርት ቤት የምትገባ ልጅ አለችኝ። ‹የኮከብ ሌባ ልጅ› ሊሏት ነው። እርስዎ በሰው ፊት ‹አልወሰደም› ይበሉልኝ። እኔም አፉ፣ ይቅር እላለሁ። ቲቸርም ከሐቅ ነጻ ሆነው ይተኙ።»

* * *

ሸዋንግዛው ክፉ ሰው አልነበረም። እሌኒን ታይፎይድ ሲጥላት ፀጉሯን በገዛ እጁ ያጠበላት እሱ ነው። ከገጠር ለሚመጡ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ያስጠናቸው ነበር። ከእነሱ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ሙዝደሊፋን ነበር፣ የመስቃኑን በርበሬ ገበሬ የአብዶን ልጅ። የወረቀቶቹን አቃፊ ከእሱ በቀር ለማንም አያስይዝም።

በዘጠና ስምንት ትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን አከበረ። ከአዲስ አበባ አንድ ፕሮፌሰር ተጋብዞ መጣ። ሸዋንግዛው ሱፉን ለብሶ፣ ወረቀቶቹን በመብራት ፊት ደርድሮ፣ ዝላዩን አሳየ። ሲጨርስ ጭብጨባው ሳያልቅ ሙዝደሊፋ እጁን አወጣ። ሊያዋርደው አልነበረም፤ ጥያቄ መጠየቅ ያስተማረው ራሱ ሸዋንግዛው ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ 84 በማን አቆጣጠር ነው? በደርግ ጊዜ እዚህ አንድ ህንድ አስተማሪ ነበር አሉ። አባቴ በርበሬ ይሸጥለት ነበር። ማታ ማታ በቱቦ ሰማይ ያይ ነበር ይላል።»

ፕሮፌሰሩ በጣቱ ቆጠረና ሳቀ። «በፈረንጅ 84 ከሆነማ በእኛ ሰባ ሰባት ነው! ከዚያ እስከ ሰማንያ አምስት ስምንት ዓመት። እንግዲያ ኮከቧ መቼ ዘለለች? መምህሩ ናቸው የዘለሉት!»

መጀመሪያ እንግዶቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ መምህራኑ፤ ከዚያ በኋላ ስምንት መቶ ተማሪ። ሸዋንግዛውም አብሮ ፈገግ አለ። እሌኒ ከፊት ወንበር ሆና እጆቹን ታይ ነበር፤ አቃፊውን መክፈትና መዝጋት አቅቷቸው ነበር።

«ለማንኛውም አዲስ አበባ ላኩልን፣ እንመርምራቸው» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ሊያጽናናው።

በዚያ ምሽት ሸዋንግዛው የከሰል ምድጃውን ግቢ አወጣ። አምስቱን አሮጌ ወረቀቶች አንድ በአንድ አስገባቸው። ካልክ ሲቃጠል ይኮማተራል እንጂ ቶሎ አይነድም፤ በእንጨት እየገፋ አነደደው። እሌኒ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ልጁ እውነቱን ነው» አለ፣ ዞር ሳይል። «የህንዱ ናቸው።» ቀጥሎ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ግን አላየሽም።»

«አላየሁም» አለች።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቶቹ እንደጠፉ፣ አቃፊውን መጨረሻ የያዘው ሙዝደሊፋ እንደሆነ ለትምህርት ቤቱ አመለከተ። ለመላክ ሲዘጋጅ የጠፉት እነዚያ አምስቱ መሆናቸው ራሱ ማስረጃ ሆነ፤ ልጁ ስለ ህንዱ የተናገረው ውሸት እንዳይታወቅ ሰረቃቸው ተባለ። ከአሥረኛ ክፍል ተባረረ።

ወሩ ሳያልቅ አብዶ በግ እየጎተተ ከመስቃን በእግሩ መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ነበር። ልጁ አልወሰድኩም ብሎ ቢምልለትም፣ የአስተማሪን ቃል ከልጅ ቃል ያነሰ ማድረግ አልሆነለትም። ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

«ልጄ ሌባ ነው» አለ በተሰበረ አማርኛ። «እኔ አጥፍቻለሁ። ይምቱት፣ ይስደቡት። ትምህርት ብቻ እንዳይከለክሉት።»

ሸዋንግዛው አነሳው፤ ትከሻውን ሳመው። «ይቅር ብያለሁ» አለ። በጉንም ተቀበለ። ልጁ ግን አልተመለሰም።

በጉን የሠራችው እሌኒ ናት። ሸዋንግዛው ቅልጥሙን እየመጠጠ «ሥጋው ግሩም ነው፤ የመስቃን በግ» አለ። እሷም በላች። ከዚያ ቀን በኋላ ቴሌስኮፑ ከአልጋው ሥር አልወጣም። እንቅልፉ ግን ሰላማዊ ነበር፤ ከጎኑ ሆና ስታዳምጠው ይህን መርሳት አልቻለችም።

* * *

ልጇ ምስጋና ወልቂጤ፣ ዞን ትምህርት መምሪያ ነው የሚሠራው። ሙዝደሊፋ ከጓዳ ሲወጣ አይቶት ኖሮ፣ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ምን አለሽ?»

ነገረችው፤ ምድጃውንም ጭምር።

«እማዬ፣ ነገ ምንም እንዳትናገሪ።»

«ልጅ አለችው።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ? አለቆቼ ናቸው ነገ የሚመጡት። አባዬ ሞቷል፣ መልስ አይሰጥም።»

«በሕይወት ሳለስ መቼ መለሰ?»

«ፕላኔቷ እኮ ተገኘች! ምን ቸገረሽ?»

«የእሱ አይደለችማ» አለች እሌኒ። «የእሱ መጀመሪያም የለችም።»

ምስጋና እንደማያውቃት ሰው አያት። «ትወጂው ነበር ወይስ አትወጂውም?»

ይህን ጥያቄ ልትመልስ አፏን ከፍታ ነበር። ልቅሶ ቀደማት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው። ምስጋና እሺ ያለች መስሎት አቀፋት።

* * *

ሣልስቱ ዓርብ ዋለ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑን ሞላው። የዞኑ ሰዎች ከፊት ተቀመጡ። ሙዝደሊፋ ከጁምዓ ሶላት ነጭ ኮፍያውን እንዳደረገ መጥቶ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ ቆመ፤ የሚቀመጥበት ቦታ የለቀቀለት አልነበረም።

ደረጄ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። ትውልዱን አነበበ፣ ትምህርቱን አነበበ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«…ዛሬ ዓለም የደረሰበትን ግኝት እሱ በዚህች ከተማ፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ፣ ቀደም ብሎ ደርሶበት ነበር። ነገር ግን እንደ ልጁ ያሳደገው ተማሪ በምቀኝነት ተነሳስቶ…»

«ደረጄ፣ አቁም» አለች እሌኒ።

ቆማ ነበር። ምስጋና ክንዷን ያዛት፤ አላስለቀቀችውም፣ እንደያዛት ተናገረች።

«ወረቀቶቹን ማንም አልሰረቀም። ሸዋንግዛው ራሱ እዚሁ ግቢ አቃጠላቸው። ቆሜ አይቻለሁ።»

«ሐዘኑ ነው» አለች አንዲት ሴት። «እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም እኮ።»

«አስቀምጧት፣ ውኃ ስጧት።»

«ውኃ አልፈልግም። ኮከቧ አልዘለለችም። ሰማንያ አራቱ የህንዱ ነው፤ ይህ ልጅ ጠየቀ እንጂ ሌላ ያደረገው ነገር የለም። እነሱ አሁን ያገኟትም ሌላ ናት፤ ትንሽ ናት፣ በሌላ መንገድ ነው ያገኟት። ባለቤቴ ተሳስቶ ነበር። መሳሳቱንም ያውቅ ነበር።»

ደረጄ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ከዞኑ ሰዎች አንዱ ስልኩን አውጥቶ፣ የሚያነበው ነገር ያለ ይመስል፣ አቀርቅሮ ገፋ ገፋ አደረገው። ምስጋና ክንዷን ለቀቀ። ካርታ ተጫዋቹ ሙዝደሊፋን አየት አድርጎ ከአግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ።

ሙዝደሊፋ አልተቀመጠም።

«ሰማሁ» አለ። «ቃሌ ቃል ነው። እኔ በበኩሌ ለቲቸር አፉ ብያለሁ።»

«ተመስገን» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሰዉ መተንፈስ ጀመረ።

«አባቴ ግን እዚህ ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ በገዛ አፉ ‹ልጄ ሌባ ነው› ብሏል። እስኪሞት እንደዚያ ነው የሚያውቀኝ። ይሄ የእኔ ሐቅ አይደለም፤ የእሱ ነው። የእሱን አፉ ልልላችሁ አልችልም። እሱም አፈር ነው፣ ቲቸርም አፈር ነው።» ወደ እሌኒ ዞረ። «እትዬ፣ ያን ቀን፣ በጉን ሲቀበሉ… ያውቁ ነበር?»

‹አላውቅም› ብትል የሚከራከራት አልነበረም።

«አውቅ ነበር።»

ሙዝደሊፋ ራሱን ነቀነቀ፤ የቆየ ሒሳብ ልክ እንደመጣለት ሰው። ጎንበስ ብሎ ከድንኳኑ ወጣ። የአይሱዙው ሞተር ሲነሳ ሁሉም ሰማው።

ሰዉ ከወትሮው ቀድሞ ተበተነ። ‹እግዜር ያጽናሽ› ያሏት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ፊቷን ሳያዩ ነው። ምስጋና የዞኑን ሰዎች ሊሸኝ እንደወጣ ከመኪናቸው ጋር ሄደ። የእድሩ ሰዎች ካስማውን መንቀል ጀመሩ፤ ድንኳኑ በአንድ ጎን ረገበ። እሌኒ ፍራሹ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ቀረች።

ከድጄ በጓሮ በር ገባች። ከቤቷ ያመጣችውን ሽሮ መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇን ታጥባ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች። አብዶ ታላቅ ወንድሟ ነበር። በጉንም ከመንጋው የመረጠችለት እሷ ናት።

«ከድጄ…»

«ብዪ።»

«ስሚኝ…»

«ብዪ አልኩሽ። ሐዘንተኛ ጦሙን አያድርም።»

ጉርሻውን ጠቅልላ እስከ አፏ አመጣችው። እሌኒ ተቀበለቻት። አኘከችው፣ ደግማ አኘከችው፣ ደጅ ላይ ሁለት ካስማ እስኪነቀል አኘከችው፤ አልወርድ አላት። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፣ በጣቶቿ አወጣችውና ጨበጠችው።

ከድጄ አየቻት። ሁለተኛውን ጠቀለለች፣ ከመጀመሪያው ተለቅ አድርጋ፣ እጇን ዘርግታም ጠበቀች።